ጉዳዩ፦ 11 ቀይ ጨርቆች እንዲመለሱልን ስለመጠየቅ

ክቡር ከንቲባ፣

እንደምን ሰነበቱ? አዲሱ ዓመት እንዴት ይዞዎታል?

የከተማዎን ስም እዚህ አልጽፍም። ከጻፍኩት ነገሩ ስድብ ይመስላል፣ እኔ ደግሞ ለስድብ አልተነሳሁም። ከደሴ ወደ ውጫሌ በሚወስደው አስፋልት ላይ ካሉት አንዷ ናት፣ ይበቃል። እርስዎ ሁለት መስመር እንዳነበቡ ያውቁታል። ጥበቃዎችዎማ ከርዕሱ ነው የሚያውቁት።

እኔ ደሴ ውስጥ ሳይክል የማከራይና የምጠግን ሰው ነኝ። የሰፈሬ ልጅ ሁሉ መንዳት የተማረው በእኔ ሳይክል ነው፤ ግማሹ ጥርሱን የሰበረውም በእኔው ሳይክል ነው። ዘንድሮ መስከረም ላይ፣ ትምህርቱ ሳይጠብቅ፣ አሥር ልጆች ይዤ ከደሴ ሐይቅ፣ ሐይቅ አድረን ደግሞ ውጫሌ የሚያደርስ የሁለት ቀን ጉዞ ወጣሁ። ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች። ትልቁ 17 ዓመቱ ነው፣ ትንሹ 12። ከእኔ ጋር 11 ሳይክል። የወላጆቻቸው ፈቃድ በወረቀት ተጽፎ ኪሴ ውስጥ ነበር። መንገዱ ሰላም መሆኑንም ሹፌሮች ጠይቄ ነው የወጣሁት፤ ዛሬ ዛሬ ሳይጠይቅ የሚወጣ የለም።

ለምን ውጫሌ ካሉኝ፣ አንዷ ልጅ ናት ምክንያቱ። ታሪክ ክፍለ ጊዜ ላይ ስለ ውጫሌ ውል ሲማሩ «ውጫሌ ጣልያን ሀገር ነው አይደል?» ብላ ጠየቀች አሉ። ደሴ ተወልዳ! ወሎዬ ሆና! በመኪና ብትሄድ ቁርሷን ቤቷ በልታ ለምሳ ተመልሳ የምትገባበትን ከተማ! እኔም ይህን ስሰማ መጀመሪያ ሳቅኩ፣ በኋላ ደግሞ ልጅቷ ምን አጠፋች አልኩ። ማን ወስዶ አሳያት?

አሁን ወደ ጨርቁ ልምጣ።

መንገዱን እርስዎም ያውቁታል። ጠመዝማዛ ነው፣ ዳገትና ቁልቁለት ነው፣ ትከሻ የሚባል ነገር የለውም። ከላይ ሲኖትራክ፣ ከታች ተሳቢ፣ መሀል ላይ ደግሞ የሚቀድመውን የማያውቅ ቅጥቅጥ። ሰው ለሲኖትራክ «ቀይ ሽብር» የሚል ስም ያወጣለት በከንቱ አይደለም። ሹፌሩ እዚያ ላይ ሰገነት ላይ ነው የተቀመጠው፣ ልጁ ደግሞ እዚህ ታች ሳይክል ላይ አጎንብሶ ዳገት ይገፋል። ከጉብታው ጀርባ ያለ ልጅ ለሹፌሩ የሚታየው ጎማው ሥር ሊገባ ሲል ነው። ስለዚህ ምን አደረግሁ፣ ሸምበቆ ቆረጥኩ። በየሳይክሉ የኋላ ወንበር ላይ አንድ አንድ ሸምበቆ አቁሜ በሽቦ አሰርኩ፤ ከልጁ ጭንቅላት ክንድ ያህል ከፍ የሚል። ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ። ጨርቁ ከጉብታው በላይ ቀድሞ ይታያል፣ ሹፌሩም እግሩን ከነዳጁ ላይ ያነሳል። በቃ፣ ጥበቡ ይኸው ነው።

ጨርቁ የባለቤቴ የድሮ መጋረጃ ነው። ድሮ አልኩ እንጂ እሷ «ገና አዲስ ነበር» ባይ ናት። ያም ሆነ ይህ ተቀደደ፣ 11 ቦታ ሆነ፣ ጠርዙን ጎረቤታችን ያለው ልብስ ሰፊ በነጻ ዘመዘመልን። ይህን የምነግርዎ በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

መጀመሪያው ቀን ሸጋ ነበር። ከደሴ ወደ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቁልቁለቱም ይበዛል። አደይ ግራና ቀኙን ሞልቶታል። የሁለት ልጆች ካላማዳሪ ፈነዳ፣ የአንዱ ሰንሰለት ወለቀ፤ ለእኔ ይህ እረፍት ነው። ማታ ዓሳ በልተን አደርን።

ልጆቹ መንገድ ላይ ጨዋታ ፈጥረው ነበር። ያዩትን ባንዲራ መቁጠር። መጀመሪያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱንና የትምህርት ቤቱን ብቻ ነበር የሚቆጥሩት፤ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ቀድሞ ያየ አንድ ነጥብ። ከዚያ ለመስቀል ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ የተዘረጋው ተጨመረ። ከዚያ መስጊድ በር ላይ ከመውሊድ የተረፈ አረንጓዴ ጨርቅ። ከዚያ ክርክር ተነሳ። ጠላ ቤት ደጅ እንጨት ላይ የተደፋው ጣሳ ባንዲራ ነው ወይስ አይደለም? ፌሮ የጫነ አይሱዙ ከኋላ በወጣው ብረት ጫፍ ላይ የሚያስራት ቀይ ብጣሽስ? ኬላ ላይ በተዘረጋው ገመድ ወገብ ላይ የተቋጠረው ፌስታልስ? የተበላሸ መኪና ከኋላው አስፋልቱ ላይ የሚጎዘጉዘው የባሕር ዛፍ ቅጠልስ? ትልልቆቹ «ቅጠል ባንዲራ አይሆንም» ብለው ደመደሙ። ትንሹ ግን ድርቅ አለ። «ለምን አይሆንም? "ቀስ በል፣ ከፊት መኪና ቆሟል" እያለህ'ኮ ነው» አላቸው። ነጥቡን ሰጠሁት። ዳኛው እኔ ነኛ።

በማግስቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት አካባቢ ከተማዎ ገባን። አስተዳደሩ ደጃፍ ስንደርስ ፊሽካ ተነፋ።

«ቁሙ!»

ቆምን።

«ይሄ የማን ባንዲራ ነው?»

«የማንም አይደለም አባቴ» አልኩ።

«የማንም ያልሆነ ነገር እንዴት 11 ይሆናል?»

ክቡር ከንቲባ፣ ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። አንዷ ልጅ ልታግዘኝ ብላ «የእትዬ መጋረጃ ነው» አለች። ልጆቹ ሳቁ። የሳቁት በአጋጣሚው ነው እንጂ በማንም አልነበረም፣ ግን ሳቁ ነገሩን አበላሸው። ወደ ውስጥ ግቡ ተባልን።

ውስጥ አንድ ወጣት ባለሙያ መዝገብ ይዞ ተቀመጠ። ጨዋ ልጅ ነው፣ አልተሳደበም፣ ይህን መመስከር አለብኝ። ግን ጥያቄው ሁሉ የማን፣ የማን፣ የማን ነው። ማን ላካችሁ? የየትኛው ድርጅት ነው? ቀይ ብቻውን ምን ማለት ነው? «እዩኝ ማለት ነው» አልኩት። «ማን እንዲያያችሁ?» አለ። «ሲኖትራክ» አልኩ። ይህን አልጻፈውም።

ላስረዳው ሞከርኩ። በሳይክል ውድድር ላይ ቢጫ ባንዲራ ይዞ ፊሽካ የሚነፋ ሰው ከታየ መንገዱ መሀል አደባባይ ወይም ሌላ አደገኛ ነገር አለ ማለት ነው አልኩት። ቱር ደ ፍራንስ ላይ የመጨረሻው ኪሎ ሜትር የሚጀምርበት ቦታ ቀይ ሦስት ማዕዘን ጨርቅ እንደሚሰቀል፣ ይህም ከ1906 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ ልማድ እንደሆነ፣ የእኛው ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ በዚያ ውድድር ላይ እንደነዳ ነገርኩት። ሞቅ ብሎኝ ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ ለኢትዮጵያ በሳይክል መሮጡንም ጨመርኩ። ሀገሪቱ መጀመሪያ ኦሊምፒክ የሄደች ጊዜ ከሯጮቹ ጋር ሳይክል ነጂዎችም ነበሯት፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ትንሽ ነው፣ እኔ ደግሞ ባገኘሁት አጋጣሚ ሁሉ እናገረዋለሁ። ልጁ አዳመጠኝና «እዚህ ፈረንሳይ አይደለም» አለ። እውነቱን ነው።

«ባንዲራ» እያልኩ ሳወራም አረመኝ። «ባንዲራ አይባልም፣ ሰንደቅ ዓላማ ነው የሚባለው»። ይህም እውነት ነው። ባንዲራ የጣልያን ቃል ነው። እንግዲህ እኔ በጣልያን ቃል ነው የምኖረው፤ ፍሬን፣ ካላማዳሪ፣ ጎሚስታ። የውጫሌን ውል አልቀበልም ያለ ሕዝብ ካላማዳሪውን ተቀብሏል፣ ምን ይደረግ። ግን እርማቱን ሰምቼ ዝም ካልኩ በኋላ መዝገቡ ላይ ምን ብሎ እንደጻፈ ልንገርዎ? «ምንነቱ ያልታወቀ ቀይ ባንዲራ፣ ብዛት 11»። ሰንደቅ ዓላማ የሚለው ለመጋረጃችን በዝቶበት ይሆናል።

በነገራችን ላይ ቃሉን ራሱን ካነሳን፣ ሰንደቅ ማለት እንጨቱ ነው፣ መስቀያው። ዓላማ ደግሞ ምልክቱ። ዛሬ ግን ዓላማ ስንል ሌላም ነገር ማለታችን ነው፤ አንድ ሰው «ዓላማህ ምንድነው?» ሲባል የት ልትደርስ ነው፣ ለምን ብለህ ነው መባሉ ነው። ባለሙያው ያን ቀን ዓላማው ምንድነው ብሎ ቢጠይቀን ኖሮ በአንድ ደቂቃ እንለያይ ነበር። የማን ነው ብሎ ስለጠየቀ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ተቀመጥን። የ12 ዓመት ልጅ መታወቂያ ተጠየቀ። ጨርቆቹ ተወሰዱ፣ ሸምበቆዎቹ ተሰበሩ። «ሞዴል 19 ይቆረጥልን» ብል ሳቁብኝ። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም። ንብረት ገቢ ሲሆን ደረሰኝ ይሰጣል፣ አይሰጥም እንዴ?

ያን ሁሉ ሰዓት የተቀመጥነው የት መሰለዎት? ሰንደቁ ሥር።

ከመንገዱ ማዶ ቡና የሚሸጡ አንዲት እናት ቆሎና ውሃ ላኩልን። ማን እንደሆንን አልጠየቁም። ልጆቹን አዩ፣ ፀሐይዋን አዩ፣ ላኩ። እኛም አንገታችንን አቅንተን ወደ ላይ ከማየት በቀር ሥራ አልነበረንም፤ ወደ ላይ ስናይ ደግሞ ያየነው ነገር ያሳፍራል። የከተማዎ ሰንደቅ ዓላማ ተቀዷል። አረንጓዴው ከመንጣቱ የተነሳ የታጠበ ጆንያ መስሏል። ቀዩ ከጫፉ ተበጣጥሶ እንደ ዘርፍ ተንጠልጥሏል፣ ነፋስ ሲመጣ ጨርቁ ሳይሆን ክሩ ነው የሚውለበለበው። ትንሹ ልጅ «ይሄም ነጥብ አለው?» ብሎ ጠየቀኝ። ግማሽ ነጥብ ሰጠሁ። ትልልቆቹ «ኧረ ፍረድ!» አሉኝ፣ እኔም አልመለስኩም።

ጥበቃውን ጠጋ ብዬ ጠየቅኋቸው። መልካም አዛውንት ናቸው፣ በኋላ በኋላ ተግባብተናል። ገመዱ ከሐምሌ ጀምሮ መዘውሩ ላይ ተነክሶ አልላቀቅ ብሏል አሉኝ። ስለዚህ ጠዋት አይሰቀልም፣ ማታም አይወርድም። ሌሊቱን እዚያው ያድራል። ዝናቡንም፣ ውርጩንም፣ ፀሐዩንም እዚያው ጠጥቶታል። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ግን ስለ ሰንደቅ ዓላማ የወጣው አዋጅ ቁጥር 654/2001 ጠዋት 12 ሰዓት ይሰቀላል፣ ማታ 12 ሰዓት ይወርዳል ማለቱን ልጅ እንኳ ያውቃል። የተቀደደና ቀለሙ የለቀቀ እንዳይሰቀልም ይከለክላል። እና ክቡር ከንቲባ፣ አይክፉብኝና፣ የመጋረጃ ቁራጭ አጥብቆ የሚመረምር ቢሮ አናቱ ላይ ያለውን አላየም።

እስቲ ደግሞ ለእናንተም ልፍረድ። ለምን እንደደነገጣችሁ ይገባኛል። እኔ ደሴ ነኝ። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ከተማው ውስጥ ነበርኩ። ያን ሰሞን እናቴ ከሽቦ ላይ የተሰጣውን ልብስ ሁሉ አወረደች። «ቀለሙ ለማን ምን እንደሚል አይታወቅም» ነበር ያለችው። ፎጣ ሳይቀር ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ነበር የሚደርቀው። ስለዚህ አንድ ጥበቃ 11 ቀይ ጨርቅ በአንዴ ከጉብታ ላይ ብቅ ሲል ቢያይ ልቡ ቢመታ አልፈርድበትም። ሰው በጨርቅ የሚጠረጠርበት ሀገር ውስጥ ነው ያለነው፣ ይህም የዛሬ ነገር አይደለም። አባቴ ተማሪ እያለ የሰቀለው አንበሳ ያለበትን ነው። ከዚያ የአንበሳው ዘውድ ወረደ። ከዚያ አንበሳውም ሄደ። በ1980 የኢሕዲሪ (የደርጉ ሪፐብሊክ) ዓርማ መጣ። ከ1983 በኋላ ልሙጡ፣ ከ1988 ወዲህ ደግሞ ኮከቡ። ሦስቱ ቀለማት ግን አልተነኩም። ዛሬም በየቤቱ ልሙጡን የሚወድ አለ፣ ኮከቡን የሚወድ አለ፣ አንበሳውን ሣጥን ውስጥ አጣጥፎ ያስቀመጠ አለ፤ እኔ ቤት እንኳ አንድ ማዕድ ላይ ሁለቱ ይከራከራሉ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 ላይ ዓርማው ሕዝቦችና ሃይማኖቶች በእኩልነትና በአንድነት አብረው ለመኖር ያላቸውን ተስፋ ያንጸባርቃል ይላል። ደስ ይላል። ተስፋውን ማን ይጠላል? ግን በዚሁ ጨርቅ ስንት ሰው እንደተገላመጠ፣ ስንት ጓደኛ እንደተኮራረፈ እናንተም ታውቃላችሁ።

እንግዲህ ድንጋጤው ይገባኛል ብያለሁ። የማይገባኝ ቀጥሎ ያለው ነው። መጋረጃ መሆኑ ከታወቀ በኋላ፣ ጠርዙ ላይ የተዘመዘመው ታይቶ፣ ልጆቹ ልጆች መሆናቸው ታይቶ፣ ለምን ተወሰደ? «ለማንኛውም ይቆይ» ነው የተባልነው። ይቺ «ለማንኛውም» የምትባል ቃል ስንት ነገር በላች!

ከሰዓት ያለ ጨርቅ ወጣን። እኔ መመለስ ነበረብኝ፣ ጥፋቱ የእኔም ነው። ግን ውጫሌ ቀርታለች፣ ልጆቹም እልህ ይዟቸዋል፣ ሄድን። ትንሹን ከፊቴ አድርጌ እኔ ከኋላ ነበርኩ። አንድ መታጠፊያ ላይ አንድ መኪና ከኋላ መጣ። ጥሩምባውን የሰማሁት መኪናው እላዬ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። እኔን አለፈኝ፣ ትንሹን ደግሞ ነፋሱ ገፋው መሰለኝ፣ ከነሳይክሉ ቦይ ውስጥ ገባ። ክርኑ ተላጠ፣ ማንቡሪዮው ተጣመመ። ከዚያ በላይ አልሆነም፣ አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሁለቱንም ያን ጊዜ ብለናል።

ሹፌሩ ቆመ። ወጣት ነው፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። «ወላሂ አላየሁትም» አለ። «ወላሂ። ምልክት እንኳ የለው።» እኔ ምን ልበለው? ምልክቱ አስተዳደሩ ቢሮ መዝገብ ላይ ገብቷል ልበለው? ዝም አልኩ። ልጁ ግን ነገረው፤ ፊሽካውን፣ መዝገቡን፣ መጋረጃውን፣ ሁሉንም። ሹፌሩ አዳምጦ ምንም አልተናገረም። ወደ መኪናው ኋላ ሄደ። ፌሮ ነበር የጫነው። ከብረቱ ጫፍ ላይ ሁለት ቀይ ጨርቅ አስሮ ነበር፣ አንዱን ፈታና መጣ። ልጁ ጀርባ ላይ፣ ቦርሳው ላይ ቋጠረለት። «አብሽር» አለውና ሄደ።

የማን ባንዲራ ነው አላለም።

ውጫሌ የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ለልጆቹ ይስማ ንጉሥ የተባለውን ቦታ ነገርኳቸው፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ውሉ የተፈረመበትን። 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በጣልያን በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ በጣልያንኛው ግን ግዴታ መሆኑን። አንድ ወረቀት፣ አንድ አንቀጽ፣ ሁለት ንባብ። እንግሊዝና ጀርመን «አንተ'ኮ በጣልያን በኩል ነህ» የሚል ነገር ሲልኩ ነው ምኒልክ የነቁት። ከዚያ የሆነው ይታወቃል፤ በ1888 ጥቅምት እኩሌታ ላይ ወረኢሉ ላይ ክተት፣ ከዚያ አድዋ። ውሉ ወሎ ላይ ተፈረመ፣ ጦሩም ወሎ ላይ ተሰበሰበ። ያቺ «ውጫሌ ጣልያን ሀገር ነው?» ያለችው ልጅ አስፋልቱ ዳር ተቀምጣ ስትሰማ ቆየችና «ታዲያ አንድ ቃል እንዴት እንደተነበበ አስቀድሞ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም?» አለች። አልነበረም መሰለኝ። ወይ ነበረና «ለማንኛውም ይቆይ» ተብሏል።

ማታ ሳይክሎቹን አይሱዙ ላይ ጭነን ወደ ደሴ ተመለስን። ባለቤቴ ልጆቹ ደህና መግባታቸውን ካየች በኋላ ሁለተኛው ጥያቄዋ ስለ መጋረጃው ነበር።

አሁን የምፈልገውን ልንገርዎ፤ ብዙ አይደለም። ካሳ አልጠይቅም። ይቅርታም በጽሑፍ አልጠይቅም፣ ጥበቃዎ ስንወጣ እጄን ጨብጠውኛል፣ ለእኔ ያ በቂ ነው። ሸምበቆው ይቅር፣ ሸምበቆ ሞልቷል። 11ዱ ጨርቅ ግን ይመለሱልኝ። መዝገቡም ላይ «ምንነቱ ያልታወቀ» የሚለው ተሰርዞ «የመንገድ ደህንነት ምልክት» ይባልልን፣ ምክንያቱም ነገ ሌላ ልጅ ሌላ ጨርቅ አስሮ ሲያልፍ ያ መዝገብ ይገለጣል። ከዚያ ደግሞ፣ አቅሙ ካለ፣ ከተማዋ መግቢያ መታጠፊያው ላይ ቀስ በል የሚል አንድ ሰሌዳ ቢቆም። አቅሙ ከሌለ እኛ ቀለም እናመጣለን።

በምላሹ እኔም አንድ ነገር አለኝ። የጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ የሰንደቅ ዓላማ ቀን ነው። ደጃፍዎ ላይ ተማሪው ይሰለፋል፣ መዝሙሩ ይዘመራል፣ እርስዎም ንግግር ያደርጋሉ። ገመዱ ተነክሶ እንዳለ ከሆነ አዲሱን ጨርቅ በምን ሊሰቅሉት ነው? መዘውር ማለት ለእኔ የሳይክል ጎማ ማለት ነው፤ የዛገ ኩሽኔታ ነው የሚኖረው፣ ካልሆነም ገመዱ ጎኑ ላይ ገብቶ ተሰንቅሯል። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ከዋዜማው እሁድ ጠዋት ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ። ግሪስና መፍቻ ከእኔ። ናይለን ገመድም አለኝ፣ አዲስ። አዲሱን ሰንደቅ ዓላማ ግን እናንተ ግዙ፣ እሱን ከመጋረጃ መቁረጥ አይቻልም። መሰላል ካላችሁ ጥሩ ነው። ከሌላችሁም ግድ የለም፣ ትንሹ ልጅ ክርኑ ድኗል፣ ዛፍ ሲወጣ ደግሞ ጦጣ ነው።

ከደሴ ሌሊት ስለምንነሳ ጨለማ ውስጥ ነው የምንነዳው። ስለዚህ ጨርቆቹን ቅዳሜ ማታ በሚመጣ መኪና ቢልኩልን ይሻላል።

ከሰላምታ ጋር
ሳይክል ጠጋኙ፣ ደሴ

ግልባጭ፦
ለባለቤቴ (የመጋረጃው ባለንብረት በመሆኗ)